አባቴ «እሷ» ሲል

አባቴ የሚወደውን ዕቃ ሁሉ በሴት አንቀጽ ነው የሚጠራው። አሮጌው ኒሳን «እሷ» ናት። ጥፍር መቁረጫው «እሷ» ናት። ሻይ የሚጠጣባት የተሸረፈች ኩባያ ከቦታዋ ስትጠፋ «እሷን ያያችሁ?» እያለ ቤቱን ይዞራል። ብዙ አበሻ አባት እንዲህ ስለሚያደርግ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን አቡ ዳቢ ተወልጄ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ አማርኛን ከቤት ብቻ የለቃቀምኩ ልጅ ነበርኩ። «እሷ» ሲባል ሰው ይመስለኛል። በኮሮናው ዓመት ይህች አንዲት ቃል ምን እንዳደረገችኝ ለመናገር ይኸው ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አል ሪም ደሴት፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንዱ መኝታ ቤት የእኛ፣ ሌላኛው እትዬ ነፊሳ የምትከራየው። እትዬ ነፊሳ የወሎ ሰው ናት። አል ባጢን አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ በሽታው ሲመጣ ማዳሟ «ይዘሽብን እንዳትመጪ፣ ኸላስ፣ ስደውልልሽ ነይ» አለቻትና ቤት ዋለች። አባቴ ኢያሱ የሆቴል የድምፅ ባለሙያ ነበር፤ ሠርጉና ስብሰባው ሲቀር እሱም ቀረ። ከቤታችን ሥራ የነበራት እናቴ እየሩስ ብቻ ነበረች። አል አይን በምትባለው ሌላ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበረች፤ እዚያው የሠራተኞች ማደሪያ ትከርምና ዕረፍቷ ሲደርስ ትመጣለች።

ጁን መግቢያ ላይ ለአንድ ቀን መጣች። ማስኳን ሳታወልቅ፣ ሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በዓይኗ ብቻ ስትስቅልኝ አመሸች። አላቀፈችኝም። ጠዋት ስነሳ የለችም፤ አባቴ «ማልዳ ሄደች» አለኝ። ወዲያው ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፣ መግባትም መውጣትም የለም ተባለ። በዚያው ቀን አባቴ ሻንጣ የምናስቀምጥባትን፣ መስኮት የሌላትን ትንሿን የሠራተኛ ክፍል አጸዳና ላፕቶፑን ይዞ ገባ። በሩ ሥር ብርድ ልብስ ጎሰጎሰ። «እዚህ ክፍል እንዳትገቢ፣ እሺ ሣርዬ?» አለኝ።

ቀሪውን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስትሄድ አላየሁም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ክፍሉም ተዘግቷል። አባቴ ሳህን ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። እናቴ ስትደውል «አል አይን ነኝ» ትለኛለች፣ ግን ፊቷን ማየት አይቻልም፤ እኛ በምንኖርበት አገር የዋትስአፕ ቪዲዮ አይሠራም። በዚያ ላይ በደወለች ቁጥር አባቴ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ስልኩን ከዚያ ይዞልኝ ይወጣል። ስለዚህ እናቴ አል አይን አይደለችም አልኩ። ታማለች፣ አባቴ ደብቋታል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ነው የምትደውልልኝ አልኩ።

ዛሬ ሳየው ሳህኑ የአባቴ ምሳ ነበር። እጁን ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ነበር የሚታጠበው።

ትንፋሹን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ቀትር ላይ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ የአየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ፣ ሳሎን መሬት ላይ ተኝቼ የቤት ሥራ እሠራለሁ። ከክፍሉ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። ሲወጣ እየቀጠነ ሄዶ ጨርሶ ይጠፋል፤ አሁንስ አልተመለሰም ስል ይመለሳል። እርሳሴን ጥዬ ከእሱ ጋር መተንፈስ ጀመርኩ። እሱ ሲቆም እኔም እያቆምኩ ጭንቅላቴ ዞረ።

ከዚያ አባቴ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ።

«ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» ይላል። «ሌላ የለኝም፣ አልፈልግምም። ሁሉንም በእሷ ነው የምወጣው።» አዳመጠ። «ትላንት ሦስት ጊዜ ቀጥ ብላብኝ ነበር። እንደ ምንም አስነሳኋት። ከስምንት በላይ አትችልም፤ ዘጠነኛው ሲመጣ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል።» ደግሞ አዳመጠ። «አይ፣ ስለቃት ወዲያው አትሞትም። እየደከመች፣ እየደከመች ነው የምትሄደው። እንደዚያ እንድትሆንልኝ ነው የፈለግኩት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ከአባቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መሆኔ አስፈራኝ። ለምን እንዲህ እንድትሆን ይፈልጋል? ዘጠነኛው የተባለውስ ማን ነው? እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብገባ ትንፋሿን የምቆርጠው እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እራት አልበላም አልኩ፤ እትዬ ነፊሳ ግንባሬን ዳስሳ፣ ሙቀት እንደሌለኝ ባየች ጊዜ «አልሃምዱሊላህ» አለችና እጇን በበረኪና ታጠበች።

ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ መጥተው ይወስዷታል። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ኮሪደራችንን ሲረጩ በበሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። እነዚያን እያሰብኩ በእግር ጣቴ ነበር የምሄደው፣ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ነክሼ ነበር የምውጠው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወረደ፤ እትዬ ነፊሳ ሶላት ላይ ናት። ትንፋሹ አልቆመም። በሩ ሥር ተንበረከኩና አፌን ወደ ብርድ ልብሱ አስጠግቼ «ማሚ፣ እኔ ነኝ፤ አልገባም፣ አይዞሽ» አልኳት። ትንፋሹ ገባ፣ ወጣ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ድምፅ «አ… ኦ…» አለ። ስሜ ነው፤ ሣሮን። ስሜን የጠራው አፍ ግን ምላስም ጥርስም የሌለው ይመስል ነበር።

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። እትዬ ነፊሳ የደረሰችብኝ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ በሩን ነክቼ ነበርና እጄን ውኃ ባልተቀላቀለበት በረኪና እየፈተግኩ። ቆዳዬ ተቃጥሎ ነበር። «ወላሂ ይቺን ልጅ ልትገድላት ነው» አለችው አባቴን፣ ገና ከበሩ ሳይገባ። «ማሚ እዚያ ውስጥ ናት፣ ሞታለች» አልኩት። አባቴ ዳቦውን መሬት አስቀመጠ። አንሥቶ አቀፈኝና ክፍሉን ከፈተው።

ውስጥ ማንም የለም። ሻንጣዎች፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ላፕቶፕ። ትንፋሹ ከማጉያው ይወጣል። አባቴ አንድ ቁልፍ ሲጫን ቆመ።

«ሲንት ናት» አለኝ። «ሲንተሳይዘር። ኮምፒውተር ውስጥ የምትቀመጥ ድምፅ መሥሪያ ናት፤ የወደድሽውን ድምፅ ከምንም ተነሥተሽ ትሠሪባታለሽ። የሆቴሉ መሣሪያ ሁሉ እዚያው ቀረ፤ በነጻ ያገኘኋት እሷን ብቻ ነው። ማሚ ከሥራ ስትወጣ እንቅልፍ እንቢ ብሏታል። የሚያስተኛ ነገር ሥራልኝ አለችኝ።»

እንዲህ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝና አሳየኝ። ራዲዮ ጣቢያ አልይዝ ሲል የሚሰማውን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አወጣና እያፈነ፣ እየከፈተ ትንፋሽ አደረገው። ያንኑ ድምፅ ቆርጦ ሲያሳጥረው ጭብጨባ ሆነ። አንድ ወፍራም ድምፅ ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ሲጥለው ከበሮ ሆነ። የተቀዳ ከበሮ መጨመር ይችል ነበር፤ ካሳ የሚባለው፣ አል ራሐ ቢች ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛው፣ በስልክ ልላክልህ እያለ ይለምነው ነበር። አባቴ ግን እልህ ይዞታል፤ ከበሮውም፣ ባሱም፣ ዜማውም ከአንዷ ሲንት ብቻ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ከስምንት ድምፅ በላይ አትችልም፤ ዘጠነኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይቆረጣል። ቁልፏን ሲለቃት ደግሞ ድምፁ ወዲያው አይቆምም፤ እየደከመ ነው የሚጠፋው። «አ… ኦ…» ያለችኝም እሷ ናት፤ እንደ ሰው አፍ የምትከፍትና የምትዘጋ ማጣሪያ አለቻት። የእናቴን ስም ሊያስጠራት ሲሞክር አልሆንለት ብሎ እንደዚያ ትቷት ወርዶ ነበር።

ያን ቀን እንደ ሳቅኩት ስቄ አላውቅም። ያ ሁሉ ፍርሃት ለአንድ ሶፍትዌር ኖሯል። አንድ ነገርም ተማርኩ፦ በቤታችን «እሷ» ማለት ሲንቷ ናት። ከዚያ በኋላ «እሷ» በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

በኋላ ቀኑን ስቆጥረው፣ እናቴ ታማ የተኛችው በሩ ከተከፈተ በሦስተኛው ቀን ነው። አል አይን፣ ራሷ በምትሠራበት ሆስፒታል። አባቴን ሣሮን እንዳትሰማ፣ እንዳትፈራ ብላ ቃል አስገባችው። ለእኔ የተነገረኝ ስልኳ እንደተበላሸ ነው። እውነት መሰለኝ።

አባቴ አብሬው እንድሠራ ፈቀደልኝ። ጠዋት ትምህርቴን ስጨርስ ገብቼ ጉልበቱ ላይ እቀመጣለሁ። ሳቹሬሽን የምትባል ማዞሪያ አለች፤ ከፍ ስትል ድምፁ ይሞቃል፣ ይወፍራል፤ ሲበዛባት ይቀደዳል። «ከዘጠና በላይ አታሳልፊያት» ይለኛል። «ጆሮ ትበጣጥሳለች።» እንድስቅ ብሎ አንዴ ከክፍሉ ሆኖ ወደ እትዬ ነፊሳ ስልክ ደወለ። «ሣሮን፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት» ብላ ሰጠችኝ፤ ስልኩ ውስጥ ሲንቷ «አ… ኦ…» አለችኝ። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። እትዬ ነፊሳ ዓይኗን በሻሿ ስትጠርግ ከሳቅ የመጣ እንባ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ከሰዓት አባቴ በረንዳ ላይ ስልክ ያወራል። ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ይመታል። ወደ ተንሸራታቹ በር ክፍተት ጠጋ አልኩ።

«ሳቹሬሽኗ ስንት ገባ?» ይላል። «ሰማንያ አራት? ከፍ አያደርጉላትም እንዴ?» አዳመጠ። «ማሽን ላይ ካደረጓትማ ድምፅ አይኖራትም… መቼ ነው የሚያስነሷት?» ደግሞ አዳመጠ። «ብሌን፣ እኔ መምጣት አልችልም። መንገዱ ዝግ ነው። ፈቃድ ጠይቄ ነበር።»

ከካሳ ጋር መስሎኝ ነበር። ብሌን የእናቴ የሥራ ጓደኛ ናት፤ ስሟን ሰምቼው ይሆናል፣ ግን አላስተዋልኩትም። የማውቀውን ቃል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ወጣሁና ክንዱን ያዝኩት።

«ዳዲ፣ ሰማንያ አራት ይበቃታል። ከዘጠና በላይ እንዳታሳልፋት።»

አየኝ። የኮራብኝ መሰለኝ። «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ለረጅም ጊዜ ከፈተው።

በማግሥቱ፣ የአሥር ሰዓት ብርሃን ሳሎኑ ላይ እንዳለ፣ አባቴ ከትንሿ ክፍል ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። «ሣሮን፣ ነይ አናግሪያት። ቶሎ በይ» አለኝ። ማሚ ናት አላለም። ለምን አላልክም ብዬ አንዴም ጠይቄው አላውቅም፤ ያቺን ቃል ቢያወጣት ድምፁ እንደሚሰበር ገብቶኛል፤ ድምፁ ከተሰበረ ደግሞ እፈራለሁ።

ስልኩን ተቀበልኩ። የሚያፏጭ ንፋስ ይሰማል። ከንፋሱ ውስጥ ትንፋሽ መጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ከዚያ «አ… ኦ…» አለ።

ሳቅኩ። ከልቤ፣ እየተንከተከትኩ ሳቅኩ። «አወቅኩሽ» አልኳት። «አንቺ ሰው አይደለሽም። ሳቹሬሽንሽ በዝቷል። በይ አሁን ተኚ።» ቀዩን ምልክት ተጭኜ ዘጋሁት።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። አናቴ ላይ እጁን ጫነ፤ እጁ ከብዶኝ ነበር። እትዬ ነፊሳ ከወጥ ቤት «ያ አላህ» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ያን የሚያስተኛ ሙዚቃ ሌት ተቀን ሠራው። በስድስተኛው ቀን ጨረሰው፤ አራት ደቂቃ ናት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአንዷ ሲንት የወጣች። ወደ አል አይን ላካት። ብሌን ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ በየፈረቃዋ እናቴ ጆሮ ሥር ታደርግላት እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። ማሽን ላይ ያለ ሰው ይስማ አይስማ ማንም አያውቅም። በዘጠነኛው ቀን እናቴ ሞተች።

አባቴ ነገረኝ፤ ሶፋው ላይ፣ እጄን ይዞ። አለቀስኩ። ግን ያን ቀን ገና ያልገባኝ ነገር ነበር። የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። መሰባሰብ ክልክል ስለነበር የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በስልክ ነበር የሚያጽናኑን፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጫለሁ። አባቴ ለአንዱ «የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሊያደርጓት ሲሉ ደወለች። ኦክስጅኑ አላናግር ብሏት ነበር፤ ግን ከሣሮን ጋር ተነጋግራ ነው የገባችው» አለው።

ጠረጴዛው ሥር ቀረሁ። አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ንፋሱ፣ ትንፋሹ፣ ሰማንያ አራት የተባለው የደሟ ኦክስጅን። ከዚያ ያልኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሳደገችኝን ሴት ሰው አይደለሽም ብያታለሁ። በሩ ሥር የያዘኝ ፍርሃት ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር። ሰምታኝ ይሆን? ይህን አንድ ጥያቄ ይዤ አደግሁ። የምጠይቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ስልኩን የያዘችላት ብሌን። ስሟ በተነሣ ቁጥር ከክፍሉ እወጣ ነበር። አባቴ በዚያ ሰዓት አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

እናቴ የተቀበረችው አል አይን ነው። አሥራ አምስት ዓመቴን ልይዝ ስል አባቴ «ዘንድሮ አብረን እንሂድ፤ ብሌንም ትመጣለች» አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። በመንገዱ ሁሉ፣ ተምሩና አሸዋው እያለፈ፣ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እንዳትጠይቀኝም፣ እንዳትነግረኝም ጸለይኩ።

ብሌን ቀድማን ደርሳ ነበር። ከመቃብሩ ራስጌ ድንጋይ ላይ አቧራውን በነጠላዋ እየጠረገች አገኘናት። ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ስታየኝ አፏን ይዛ ቆየችና አቀፈችኝ፤ አልለቀቀችኝም።

«ስንት ዓመት ልነግርሽ ስፈልግ» አለች። «ያን ቀን ፈርታ ነበር። ማሽን እንቢ አለች። ልጄን ሳላናግር አልገባም አለች። ከዚያ አንቺ ሳቅሽ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው፣ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። እየሩስ ፊቷ ተለወጠ። ቀጥሎ ‹ተኚ› አልሻት። ማስኳን ገፋ አድርጋ ‹ሳቀች እኮ፣ አልፈራችም፤ ተኚ አለችኝ› አለችን። ራሷ ናት እሺ ያለች። እንዳልሽው ተኛች።»

አባቴ ከጎኔ ቆሟል። ዓይኑን ድንጋዩ ላይ ተክሎ አያየኝም።

«በመሐል ሌላ ነገር ብለሽ ነበር» አለች ብሌን። «ኦክስጅኑ ሲጮህ አልተሰማንም። ‹ምን አለች?› ብላ ጠየቀችኝ። አልሰማሁም አልኳት። እስከ ዛሬ ያ ነገር ይከነክነኛል፤ ሰምቼ በነገርኳት እላለሁ። ምን ነበር ያልሻት?»

እናቴ አልሰማችም። አባቴ ክርኔን ያዘኝ፤ አጥብቆ፣ እንደሚለምን ሰው። ብሌን መልሴን ትጠብቃለች፣ እንባዋ አገጯ ደርሷል።

«‹እወድሻለሁ፣ ማሚ› ነበር ያልኳት» አልኳት።